የማን ትከሻ

ከንጋቱ አሥራ ሁለት፣ መስቀል አደባባይ።
ሯጮቹ በደረጃው ላይ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ
ወዲያ ይሄዳሉ፣ ወዲህ ይመለሳሉ።
ከታች ድምፅ ማጉያው «አንድ! ሁለት!» ይላል።
እኛ ሰባት ሰዎች፣ ከላይኛው ጥግ፣
አየር እናሻለን።
ሐኪሙ ነው የላከኝ፣ ለቀኝ ጉልበቴ ብሎ።
«ምን ጠፍቷችሁ ነው» አለን አንዴ ሊስትሮው፣
«እንዲህ ቀስ ብላችሁ የምትፈልጉት?»

አስተማሪያችን እንግዳወርቅ፣
ሐዲዱ ሲዘረጋ ቴክኒሻን ነበረ፤
ከመሐንዲሱ ከሚስተር ሉ፣ በምሳ ሰዓት፣
በሲሚንቶ ከረጢት መሃል ተማረ።
የያንግ ቤት ነው፣ ይላል፤
ሃያ አራት እንቅስቃሴ፣ እንደ ፈትል፣
ሳይቋጠር ሳይበጠስ።
«ነጠላ ጅራፍ» ላይ ስንደርስ
ግራ ትከሻ ዝቅ፣ ጥቂት ዘንበል፤
«ይቺን ልብ በሉ፣ ምስጢሩ እሷ ላይ ነው።»
ልብ አልን። ሦስት ዓመት ልብ አልን።
ታክሲ ስጠብቅ፣ ባንክ ተሰልፌ፣
ያቺን ዘንበል አጠናሁ፣
የቦርሳዬ ማንገቻ በግራ እስኪንሸራተት።

ከዚያ ሲስተር ትርሲት መጣች፣ ከቲያንጂን፣
ትምህርቷን ጨርሳ፤
የቼን ቤት ናት።
ቀስ ትላለች፣ ቀስ ትላለች፣ ድንገት
ክርኗ እንደ ተለቀቀ ሞላ፤
እግሯ መሬቱን ሲመታ
ከሥር የቆሙት መኪኖች የሚነቁ ይመስላል።
ዞረችኝ። ትከሻዬን በሁለት ጣቷ ጫን አደረገች፣
የበሰለ አቮካዶ እንደሚመርጥ ሰው።
«ይሄ የማን ነው?»
«የያንግ ቤት» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።
«ያንግንም አይቻለሁ። እንዲህ አይዘነብልም።»

ጀመሩት።
እሱ ክብደቱን ወደ ኋላ መልሶ እግሩን ያዞራል፤
እሷ ክብደቷን እንደጫነች፣ እዚያው ላይ ትዞራለች።
እሱ፦ መጀመሪያ ቅርጹ ይጠና፣ መቶ ጊዜ፣ ሺህ ጊዜ።
እሷ፦ መጀመሪያ ዛፍ እንዳቀፉ መቆም፣ ጭን እስኪንቀጠቀጥ፤
ከዚያ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ይገፋፋ፣
ውሸት ያን ጊዜ ይለያል።
«መምህሬ እንዲህ ነው ያሳየኝ!»
«የኔም መምህር እንዲህ!»
ሁለቱም መምህራን ሩቅ ናቸው፣
የሚጠየቁበት ቦታ የሉም።

ጋሽ ልሳነወርቅ ደረጃው ላይ ተቀምጦ
የጫማውን ክር ሲያስር ሳቀ።
የቴሌ ጡረተኛ ነው፤ በልጅነቱ አቋቋም ተምሯል።
«እኛም ዘንድ ላይ ቤትና ታች ቤት
በአንዲት የመቋሚያ ንቅናቄ ሲኳረፉ ያድራሉ።
የኔታ ጥዑመልሳን ታዲያ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣
ደረታቸው ደካማ ነበር፤
ከአንዲት ሃሌታ በፊት ሁልጊዜ ይስሉ ነበር።
እሳቸው አረፉ። ደቀ መዛሙርቱ ግን
ዛሬም እዚያች ቦታ ሲደርሱ
እህ! ብለው ያልፋሉ፣ በደህና ጉሮሮ።»

ሁላችንም ሳቅን፣ እንግዳወርቅ ሲቀር።
ስልኩን አወጣ፣ ብዙ ወደ ኋላ ተመለሰ፣
አንድ ፎቶ ላይ ቆመ፦
ያልተጠናቀቀ የድልድይ ምሰሶ፣ አቧራ፣ ቢጫ ቆብ፣
ሚስተር ሉ ፈገግ ብሎ፣
ግራ ክንዱ በፋሻ አንገቱ ላይ ታስሮ።
«ከመወጣጫ ወድቆ ነበር» አለ ቀስ ብሎ፣
«ሲያስተምረኝ ገና አልዳነም።
ኋላም አልተቃናለትም።»
ባቡሩ ወደ ስታዲየም አለፈ።
ትርሲት እንኳ ዝም አለች።

በማግስቱ ትከሻዬን አቃናሁት።
ቀላል ነበር። በጣም ቀላል ነበር።
ግን ጎኔ ላይ አንድ ሰው ወርዶ እንደሄደ ዓይነት፣
አንድም ቀን ያላገኘሁት፣
ሩዙን አስቀምጦ ለአንድ ልጅ እጁን ያነሣ፣
እያመመው ያነሣ ሰው።
አሁን ትርሲት ፊት ቀጥ እላለሁ፤
ቤቴ፣ በሩን ዘግቼ፣ ዘንበል።

ትናንት «ደመና እጆች» ላይ ስዞር
አዲሷ ልጅ ሶልያና ከኋላዬ ነበረች፤
ገና አሥራ ስድስቷ ነው፣ ደረጃውን በሩጫ የምትወጣው።
ዓይኗን እግሬ ላይ ተክላ፣
ከንፈሯን ነክሳ፣ በጥንቃቄ፣
ቀኝ ጉልበቷን፣ ያንን ደህና ጉልበቷን፣
ትንሽ ጎተት አድርጋ አሳረፈች።
«እንዲህ ነው?» አለችኝ።