የመሠዊያው ጀርባ

ከዓሣው ገበያ ጀርባ፣ ከወርቅ አንጣሪዎች ሰፈር፣
አንድ ደብር አለ ማናማ፣ ራሱን ደብቆ የሚኖር።
መስቀል የለውም አናቱ፣ ደወል አያውቅም ማማው፣
መንገደኛ ሲያልፍ መጋዘን ይለዋል እንጂ፣ ደብር ነው ብሎ አይሳለመው።

በሩን ገፋ ሲያደርጉት ግን
ጉድ ነው፣ የጉድም ጉድ፦
እንደ እርጥብ ልብስ የተጠመዘዙ አዕማድ፣
እንደ ሳሙና አረፋ የኮፈሰ ደመና፣ ወይን ያንዠረገገ ቅርንጫፍ፣
ጉንጫቸው የተነፋ መላእክት፤
ስንዝር ቦታ የለም፣ ለትንፋሽ እንኳ የሚተርፍ።

«ባሮክ ይባላል» አለኝ ዶሚንጎስ፣ የዕቃ ቤቱ ሹም፣
የጎዋ ሰው ነው፤ ሠላሳ ዓመት ኖሮ፣ ዛሬም ሙቀቱን አልለመደም።
«ጠማማ ሉል ማለት ነው፤ ክብ መሆን ያቃተው፣
ጠላቂው ትንፋሹን ጨርሶ ከዚህ ባሕር አውጥቶት፣
ነጋዴው በጥፍሩ ገልበጥ አድርጎ ‹አይሆነኝም› ያለው።»
እኔን ያማኝ መስሎኝ፣ ጠንክሬ ወለሉን ወለወልሁት።

ታሪኩን በቁርጥራጭ ነው የነገረኝ፣ የሻማ ቅሪት ስንለቅም፦
ነዳጅ ገና አፉን ሲከፍት፣ ወደቡ ገና ሳይጠልቅም፣
ካይታኖ የሚሉት ኖራ ለሳኝ መጣ በጀልባ፣
የአባቱን ማንኪያና የአንድ ደብር ንድፍ፣ በትምባሆ ወረቀት ጠቅልሎ ገባ።
እብነ በረድ የለ፣ ወርቅ የለ፣ ገንዘቡም ለአንድ ግድግዳ፤
ከባሕር ድንጋይ ፈነቀለ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ፣
የሉል ቀፎ ወቅጦ ከኖራ ጋር አቦካ፣
የተሰበረ ጀልባ ገዛና ሳንቃውን ለአዕማድ ለካ።
ስድስት ዓመት ለሰነ። በሰባተኛው ብርሃኑ ከዓይኑ ፈለሰ፣
ኖራው ነው የበላው ይላሉ፤ የቀረውን እየዳሰሰ ጨረሰ።
ለዚህ ነው በግራ በኩል ያለው ኪሩብ አፍንጫው የሰፋ፦
ጣቱ በቃሉ የሚያውቀው ፊት የራሱ ነበር፣ ሌላ ጠፋ።

ደወሉ ከሊዝበን መጣ። የመስቀያው ፈቃድ ግን አልመጣም።
ዕቃ ቤት ተገልብጦ ተቀምጧል፤ መጥረጊያዬን እሱ ውስጥ ነው የማቆም።
አንዳንዴ እንጨቱ ሲነካው ከሆዱ ዝዝዝ ይላል፤
በእንቅልፉ ስሙን እንደሰማ ሰው፣
«አቤት» ሊል ይልና፣ ይተኛል።

ዓርብ ነው እሑዱ እዚህ አገር። ከማኒላ፣ ከኬረላ፣ ከኮሎምቦ
ሰው ይጎርፋል በየተራው፣ በየቋንቋው ታጅቦ፤
ማታ የሁሉንም ዱካ አጥባለሁ።

የኔ ደብር አይደለም ይሄ። የኔዋ እስቴ ናት፣ ክብ ሆና፣
ቅድስቷን በመጋረጃ ከልላ፣ ታቦቷን በጨለማ ሸፍና፤
ይሄ ያለውን ሁሉ ደረቱ ላይ ደርድሮ የሚጠብቅ ጌጠኛ ነው።
ደግሞስ የፈረንጅ ሃይማኖት! አያቶቼ ከጎንደር በዱላ የሸኙት፣
ዛሬ ወር ሲሞላ ደሞዜን በፖስታ ይሰጠኛል፤
ታሪክ መቼ ያልቃል ቢሸኙት።

ባለፈው ለሆሳዕና፣ መሰላል አቁሜ ከመሠዊያው ኋላ ወጣሁ፣
አቧራ ልጠርግ እጄን ሰደድሁና፣ ክው ብዬ ቀረሁ።
መላእክቱ ጀርባ የላቸውም።
ጭንቅላታቸው እንደ ተከፈተ ቅል ባዶ፣ ክንፋቸው ግማሽ፣
ሽቦ፣ ጆንያ፣ ሚስማር፤ የሻይ ሳጥን ጣውላ ነው የተሸከማቸው ጭራሽ፤
በአንዱ ኪሩብ ትከሻ «ሲሎን» የሚል ማኅተም ይነበባል፣
ከሱ ሥር፣ ኖራው ሳይደርቅ፣ አምስት ጣት ተጭኖ ቀርቷል።
ጣቶቼን አገባሁባቸው።
ልክ ናቸው፤ አውራ ጣቱ ብቻ ይሰፋኛል።

ለእህቴ ለጠጅቱ ፎቶ ልኬ ነበር፣ ከወርቁ ፊት ለፊት ቆሜ፣
«እሜቴ ሆነሻል!» ብላ ጻፈች፤ ተጠራ በመንደሩ ስሜ።
ያን ዕለትም ስልኬ ኪሴ ነበር፣ ብርሃኑም አይከፋም፣
ጀርባውን ግን አላነሣሁትም።

«ቢርኪ! ምን አለ እላይ?» ይላል ዶሚንጎስ፣ መሰላሉን ይዞ።
ብርቅነሽ ማለት አቅቶት ነው፤ ከቀጠረኝ ቀን ጀምሮ።
«ምንም። ያልተጨረሰ ሥራ» አልሁት።
ጨርቄን ነክሬ፣
ማንም የማያየውን ትከሻ ወለወልሁት።