ያልሞቀ ሞተር

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባቲና ደሴ ላይ አይሱዙ ነድቼ፣
ወገቤን ለመንገድ ቀረጥ ሰጥቼ፣
ዛሬ ግን አማረኝ
ሲቀመጡበት ሰው የሚያደርግ ወንበር፣
ናፍጣ የሚቀምስ እንጂ የማይጠጣ ሞተር።

«ያረጀን ላረጀ!» ሲል ሳቀብኝ ይመር፣ የጋራዡ ሰው፤
«ቀለም አያታልልህ፤ ቀድመህ ኮፈኑን ዳብሰው።»

ፒያሳ ወጣሁ። ጥቁር መርሰዲስ፣ እንደ ሙሽራ ታጥቦ፣
ኪሎሜትሩ የቆመ፣ ከየት እንደመጣ አስቦ አስቦ።
«ኮምቦልቻ ደርሶ መልስ አራት ሊትር!» ማለ ሻጩ ሙሄ።
ኮፈኑን ዳበስኩት፤ ትኩስ ነው፣ እንደ ዳቦ።
«አሙቀኸዋል?»
«ፀሐይ ነው።»
የቱ ፀሐይ? ጦሳ እንደተኛ ነው፣ ጉሙን ተከናንቦ።

በማግስቱ ሳልነግረው ከአዛን ኋላ ደረስኩ፤ ብረቱ በረዶ፣
ሞተሩ ሁለቴ ሳለና ተነሣ፣ እንደ ሽማግሌ ማልዶ።
ጭሱ ነጣ፣ ቀጠነ፣ ጠፋ፤
ይመር ጆሮውን ፓምፑ ላይ ደፋ፤
«ካንዴሊቱን ትለውጣለህ። ልቡ ግን ጤና ነው።»

ጦይባ ስለ ፓምፕ ምን ቸገራት፤ ገባች፣ ጉልበቷን ዘረጋች።
ሙሄ ከኋላ። ሐረጎን ጀመርን ቁልቁል፤
ያን መንገድ በአይሱዙ በሩን ጨብጣ፣ ዱዓ እያደረገች የወረደች፣
ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ዝም አለች፤
አራተኛው ላይ ራሷ ዘመመ።
ጦይባ! ሐረጎ ላይ! ተኛች።

ሀምሳ ሺህ ሊያስቀንስ የሳልኩት ምላስ
ዶለዶመ። ፍሬኑን ነካሁት በለሆሳስ።
ሙሄ በመስታወት አያት። አሁን ዋጋ ሊቆልል ነው ስል፣
ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ፤ «ቀስ በል፤
እናቴንም እዚሁ መታጠፊያ ላይ ነበር እንቅልፍ የሚወስዳት።»

እውነቱን ይሁን፣ ወይ እንደ ትናንቱ ፀሐይ፣
አልጠየቅሁት።