ሳሩ ይረፍ

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ ድሬ ላቧ ሲደርቅ፣
ሙአዚኑ ጉሮሮውን ሳይጠርግ፣ ጎህ ሳይፈነጥቅ፣
አባቴ ሙሜ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣
ቱቦውን እንደ ታመመ ሰው በትከሻው ደግፎ፣
ሜዳው መሀል ይቆም ነበር።

እኔም ነቅቼ ነበር።
ከአጥሩ ወዲህ፣ ቦኖው ዘንድ፣
በሁለት ቢጫ ጀሪካን መሀል፣ ሰልፍ ይዤ።
በቆርቆሮው ሽንቁር ውሃው ይሰማኛል፤
የአባቴ ሽው ይላል፣
የእኛ ያስላል፣
ትንሽ ዝገት ይተፋና ዝም ይላል።
«አቦ፣ የሙሜ ልጅ!» ትለኛለች ከኋላዬ አሻ፣
«ያባትሽ ሰርዶ ጠግቦ አገሳ፤ ለልጆቼ ፊት መታጠቢያ የት ልሻ?»
መልስ አልነበረኝም።
አሁን አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ አሁንም የለኝም።

ያ ሳር ያልተሸከመው ምን አለ?
ቅዳሜ ኳስ፣ በማግስቱ አሎሎ ወርዋሪ፣
የምርቃት ካባ፣ አፈር የሚወጋ ተረከዝ፣
የሰልፍ ቀን መፈክር፣ የባለሥልጣን ምንጣፍ፣
ለዘፈን ድግስ የቆመ መድረክ፣
ሲነሣ አራት ጉድጓድ ትቶ የሚሄድ፣ እንደ መቃብር አፍ።
በኢድ ጠዋት ደግሞ ስንት ሺህ ግንባር!
አባቴ በማግስቱ በርከክ ብሎ ይዳብሰውና
«የሰገዱበት ሳር አይጎዳም» ይል ነበር፣
«ሳርን የሚገድለው ጭብጨባ ነው።»

በአሥራ አራት ዓመቴ፣ የወንድሜን ታኬታ ጨርቅ ጠቅጥቄበት
በሩ ላይ ቆምኩ፣ አምስት ጓደኞቼን አስከትዬ።
እኛን አየ። ሳሩን አየ።
«ሳሩ ደክሟል» አለ፣ «ይረፍ።»
በሳምንቱ ሄድን፤ ይረፍ።
ከረመዳን በኋላም ሄድን፤ ይረፍ።
ወንዶቹ ሲመጡ ግን
ሳሩ አርፎ ይጠብቃቸው ነበር።

ከዚያ ጥቅልሉ መጣ፣
በባቡር ይሁን በመኪና፣ ከጅቡቲ ወዲህ።
አንድ የመጋላ ምንጣፍ ነጋዴ ሊያየው ገብቶ
በጥፍሩ ቧጨረው፣ አሸተተው፣
«ዋስትናውስ ስንት ዓመት ነው?» አለ።
የአባቴን ሠላሳ ዓመት በገልባጭ ጭነው
ደቻቱ አሸዋ ላይ ደፉት።
ፍየሎች ሦስት ቀን በሉት።
አባቴ አላለቀሰም፤
የቱቦውን አፍ በላስቲክ አሰረና
አልጋው ሥር አስገባው።

እውነቱን ልናገር?
እኔ ደስ ብሎኛል።
አረንጓዴው ላስቲክ ደከመኝ አይልም።
ልጄ ሂንዲያ በሳምንት አራት ቀን ትሮጥበታለች፣
አመሻሹ ላይ፣ በመብራት፤
መለያዋ ስድስት ቁጥር ነው፣
ኳስ ሲያበላሹባት ስትሳደብ ሰምቼ ዝም ብያለሁ።
ማታ ካልሲዋን ስገለብጥ የጎማው ፍርፋሪ
እንደ ጥቁር አዝሙድ ሳፋው ውስጥ ይበተናል።
ጉልበቷ ላይ የማይሽር ቃጠሎ አለ፤
ሳር የወደቀን ይቀበላል፣
ይህኛው ይልጣል።

ግንቦት ላይ ደግሞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣
ሜዳው እንደ ባቡር ሐዲድ ይግላል፣
የጫማ ማስቲሽ ይለቃል፣
ዳኛው ፊሽካውን ነክሶ ጥላ ሥር ይቆማል።
ያኔ ቦቴ መኪና ይገባና
ላስቲኩን ያጠጣዋል።
እንዲበርድለት።
ከአጥሩ ወዲህ ሰልፉ ያው ነው፤
አሻ አርጅታለች፣
ቦታዋን የያዘችው ምራቷ ናት።

ይህን ስነግረው አባቴ ሳቀ፣
እስኪያስለው ሳቀ፣
በሞራ የተጋረደ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ።
ከዚያን ቀን ወዲህ ሂንዲያ ስትገባ ኮቴዋን ይለይና
«ዛሬስ አጠጡት?» ይላታል።
«አጠጡት፣ አባባ።»
«ስንት ደረሰ?»
እጁን ትይዝና በሁለት ጣቷ መዳፉ ላይ ትለካለታለች፤
ትናንትም ያው፣
ዛሬም ያው።
«ታገሡት» ይላል፣
«የድሬ ውሃ ኖራ ይበዛበታል፣
ቶሎ አያበቅልም።»