ቆርኪ መቺው

ሃያ ሁለት ዓመት ጠርሙስ አጥቤያለሁ፤
የማንንም ፋብሪካ ወረቀት በጥፍሬ ልጬያለሁ፤
በሙቅ ውሃ ዘፍዝፌ፣ አንገቱን በብሩሽ ፈትጌ፣
አፉን ደፍቼ አድርቄ፣ በረድፍ በረድፍ አድርጌ።
በየሦስተኛው ቅዳሜ፣ ዝናብ የድንጋይ ጣሪያዬን ሲወቅር፣
ከጋራዤ ደጃፍ አንድ ሳል ይሰማ ነበር።

ቴክዊን ነው። ጎረቤቴ። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ጠጋኝ።
«ገና አልጀመርክም?» ይላል፣ ባልዲ ላይ ተቀምጬ ሲያገኘኝ።
እኔ ቢራውን እቀዳለሁ፣ እሱ ቆርኪ ይመታል፤
ባለ ሁለት እጀታውን ብረት ወደ ታች ይጫናል፤
ቀጭ! አንድ። ቀጭ! ሁለት። በዌልሽ ነው የሚቆጥረው፤
አርባ ስምንት ሲል ብቻ ነው ትከሻው ረገብ የሚለው።

ብዙም አናወራም። ወሬያችን የታወቀ ነው፤
የቁልቁለቱ ፍሬን፣ የዘንድሮ ዝናብ፣ ማን ሞተ፣ ማን ቤቱን ሸጠው።
ደግሞ ያች ሌሊት፣ ስኳር አብዝቼ ጠርሙስ እንደ ቦምብ የፈነዳበት፣
ባለቤቴ ኤሉነድ በእንቅልፍ ልቧ «ሌባ!» ብላ መጥረጊያ ያነሳችበት።

ዘንድሮ ግን ወገቤ እምቢ አለ። ስንፍናም አለበት፣ አልዋሽም።
ከፖርትማዶግ፣ ከተዘጋ መጠጥ ቤት (ዋጋውን ለኤሉነድ አልነግራትም)
አንድ የብረት በርሜል ገዛሁ፤ ከነቱቦው፣ ከነጋዙ፣ ከነቧንቧው።
የቤት ድራፍት! አሥራ ዘጠኝ ሊትር፣ ከጉልበቴ ከፍ ያለ ነው።
አንዴ ማጠብ፣ አንዴ መሙላት፣ አንዴ መክደን፤ አለቀ።
አርባ ስምንቴ ይጎነበስ የነበረ ወገቤ ቀና ብሎ ሳቀ።

ለቴክዊን ግን አልነገርኩትም። ምን ብዬ ልንገረው?
«ሥራው ለሁለት ነበር፣ አሁን ላንድ ሰው ይበቃል» ልበለው?
ዝም አልኩ። ቅዳሜ ግን ዝም ስላሉት መምጣቱን አይተው።

ሳሉ ተሰማ። ገባ፤ ቆርኪ መምቻውን በብብቱ ይዞ፣
በዘይት ወልውሎት፣ እጀታው ላይ አዲስ ጨርቅ ጠምዝዞ።
ቃኘ። ጠርሙስ የለም። ብሩሹ ተሰቅሏል። ባልዲው ደርቋል።
አሮጌው ማቀዝቀዣ ውስጥ አንድ ብረት ለብቻው ቆሟል።
«ይሄ ነው?»
«ይሄ ነው።»
ጎማ እንደሚፈትሽ ሰው በጫማው ጫፍ መታ አደረገው፤
ድም አለ። እኔ ብርጭቆ ፍለጋ ፊቴን አዞርኩ፣ ብርጭቆው እጄ ላይ ነው።

ቧንቧውን ሳብኩ፤ አረፋ። ሌላ ብርጭቆ፤ አረፋ።
ሦስተኛው ላይ ቧንቧው አስነጠሰና የቀረውን ተፋ።
«ጢም ለመላጨት ነው የጠመቅከው?» አለ። የጋዙን ጌጅ አየሁ፤
ትናንት የሞላ ሲሊንደር! መርፌው ቀዩ ላይ ወድቆ አገኘሁ።

«ማቀዝቀዣውን ንቀለው» አለኝ። «ትንፋሽህንም ያዝ።»
ጆሮውን ወደ ብረቱ አስጠጋ። ሠላሳ አራት ዓመት
ከአውቶቡስ ሥር ተንጋሎ፣
የፍሬን አየር ሲያመልጥ ያደመጠ ጆሮ ነው፤ ቀስ ብሎ፣
«እዚህ ጋ» አለ፤ የክዳኑን ዳር በሳሙና ውሃ ቀባባው፤
አንዲት አረፋ አበጠች፣ አተር አከለች፣ ፈነዳች፤ ደግሞ ሌላው።
ጋዙን አስተንፍሶ ከፈተው። የክዳኑ ጎማ ታጥፏል።
«ቅባት አምጣ፤ ከጠፋ ቅቤም ቢሆን ይሆናል።»
«ቅቤ እኮ አረፋ ይገድላል!»
«አረፋማ ጠገብን» አለ፤
ስቄ ሳልጨርስ እሱም ሳሉን ከሳቁ ጋር ቀላቀለ።

ያን ቀን ቢራ አልጠጣንም። ጋዙ ከቢራው እስኪስማማ
ቀናት ይፈጃል። «ረቡዕ ብቅ እላለሁ» አለ፤
ረቡዕ መጥቶ አያውቅም።
ቆርኪ መምቻውን መደርደሪያው ላይ ረስቶት ሄደ።
ወይም አልረሳውም።

አሁን በየረቡዑ አንዳችን በርሜሉን ብድግ እናደርገዋለን።
ጠርሙስ ቢሆን እንቆጥር ነበር፤ ስንት እንደቀረን እናውቃለን።
ብረት ግን አይናገርም። ቴክዊን በእጁ ይመዝንና፣
ወዝወዝ አድርጎ ያደምጠዋል፤
«ገና ነው» ይላል፤ «ገና።»