የውሰት ክንፍ

በዋንጋኑይ ወንዝ ዳር፣ በዚህ በእኛ ሰፈር
ሚያዝያ የብርድ ደጅ ነው፤ ቀኑ ይጀምራል ማጠር።
ከወጥ ቤቴ መስኮት፣ ከመጋረጃው ዘንግ ሥር
አሥራ አራት አረንጓዴ ግንዝ፣ የተሰቀለ በአንድ እግር፤
ወገቡን የዞረው የወርቅ ነጥብ
መርፌ ያልነካው ጥበብ።

ቴቪታ፣ የቶንጋዎቹ ልጅ፣ ስምንት ነው ዓመቱ፤
ጫማውን ሳያስር ይመጣል፣ ገና ሳይነቃ ቤቱ፤
«ናይሪ» ይለኛል በስሜ፣ አክስቴ እንኳ ሳይል፤
ይቆጥራል፤ ደግሞ ይቆጥራል፤
«አንዱ ጠቁሯል» ይላል።
መጥቆሩ ሞት አይደለም፤ ልብሱ ሳስቶ ነው፣
ውስጥ የታጠፈው ብርቱካን ቀለም ሊወጣ ሲል ነው።

ዘንድሮ አጉል ሆንኩ፤ ከአቅሜ በላይ አሳደግሁ፤
ወተት የሚያነባውን ተክል እስከ ግንዱ አስበላሁ።
ቅጠል ሲያልቅ ዱባ ከተፍሁ፣ እንደ ወረቀት አሳስቼ፤
ሌላ ምን አባቴ ላብላ፣ ከየትስ አምጥቼ?
በሉት። ረሃብ አይመርጥም።
ኩሳቸው ብርቱካንማ ሆነ፤ ይህን ማንም አይነግራችሁም።

ባሌ ዴዝመንድ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤
ክረምቱን ሙሉ ይጎነበሳል ከመብራቱ ሥር፤
በዶሮ ላባ፣ በሐር ክር
ሐሰተኛ ዝንብ ይሠራል፣ የወንዝ ዓሣ የሚያሰክር።
ክንፍ ይተክላል፣ ዓይን ይቀባል፣ ከሆዱ ሥር መንጠቆ፤
«አየሽው? ሊበር ነው» ይለኛል፣ በጣቱ አንጠልጥሎ፣ ስቆ።
አልወድለትም ነበር። ተጣልተንበታል።
ሙጫው ዛሬም ጠረጴዛው ላይ ደርቋል።

ማክሰኞ አንዲቱ ወጣች። ከዘንጉ ወደቀች ሳትደርቅ፤
ቀኝ ክንፏ ከጫፉ ተቀደደ እንደ ረጠበ ጨርቅ።
በማር ውሃ አሳደርኳት፣ ሁለት ሌሊት፣ በሻይ ሳህን፤
በሦስተኛው ቀን
ከቀብሩ ወዲህ ያልነካሁትን መሳቢያ ሳብሁ።
የዴዝመንድ ወረንጦ። የዴዝመንድ ሙጫ፣ ግማሹ የጠጠረ።
ከጎኑ በክብሪት ቀፎ፣ ካለፈው ዓመት የቀረ
የአንዲት ሟች ክንፍ፤
ለምን እንዳስቀመጥኩት ብትጠይቁኝ
መልስ የለኝ።

ልጁ በሁለት ጣቱ ያዛት፣ ትንፋሹን ውጦ፤
እኔ ቆረጥኩ፣ ለካሁ፣ ሙጫውን በእንጨት ጫፍ አስነካሁ፤
እጄ ሲንቀጠቀጥ ራሴን ታዘብኩ፣ ሳቅሁ።
ክንፍ ከክንፍ እንዳይጣበቅ የሕፃን ፓውደር ነሰነስኩ።
አያማትም ይላሉ፤ እንደ ጥፍር ነው መቆረጡ።
ቢሆንም ይቅርታ ጠየቅኋት፤
ሁለቴ።

«የሌላ ሰው ክንፍ መሆኑን ታውቃለች?» አለ ቴቪታ።
«ሰው አይደለችም እኮ።»
ዝም አለ ለጥቂት አፍታ።
«የሌላ ነው ግን።»
«የሌላ ነው።»

ቀትር ላይ ፀሐይ ዳሊያዎቹን ስትነካ ይዘናት ወጣን።
መዳፌን ከፈትኩ። ወደቀች። ከአፈሩ ላይ ዘንበል ብላ ቀረች፤
«ሞተች» አለ ልጁ። አልሞተችም፤ ትሞቅ ነበር፤
ክንፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣
ያልተጻፈበት ደብተር እንደሚያገላብጥ ተማሪ።
ስልክ ጮኸ ቤት ውስጥ፤ አላነሳሁትም።
የጎረቤት ውሻ ጮኸ፤ አላየሁትም።

ከዚያ ተነሣች፣
ወደ ግራ እያዘነበለች፣
አንድ እግሩ እንዳጠረ ወንበር፤
ከአጥሩ በላይ አልፋ፣ ከነዴዝመንድ ብስክሌት መጋዘን ጣሪያ
እስከ ሎሚው ዛፍ ደረሰች። አሥራ ሁለት እርምጃ ይሆናል።
የሱ ዝንቦች ከዚህ ርቀው ሄደዋል፣
ብቻ ሁሌ ከክር ጋር፤
ሁሌ ተጠቅልለው ወደ እጁ ተመልሰዋል።
ይቺ ክር የላትም።

ልጁ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ስሟን ይጠራል፤ ስም አላወጣንላትም።
ጣቴ ላይ ነጭ ፓውደር አለ፣ ጥቂት ብርቱካንማ ብናኝ፤
ከየትኛዋ እንደሆነ መለየት አቃተኝ።
ገባሁ። ለቀሩት ዱባ አልከተፍኩም፤
ረፍዷል።