የወፍ በሽታ

ዊኒፔግ በጥር፣
ነፋስ በር ሲደበድብ፣ ምራቅ ሲሆን ጠጠር፣
ከሆቴሉ ሥር ግን ላብ ነው፤ ሸሚዝ ያበሰብሳል፤
አንሶላ ይሽከረከራል፣ የውሃ ማሞቂያው ያገሳል።

ሮዛሊንዳ ራሷን ይዛ «ሳሙናው ነው» ትላለች፤
ኦክሳና «የሌሊት ፈረቃ፣ እንቅልፍ ማጣት» አለች፤
ፈለቁ ደግሞ፣ የኛዋ፣ አፏን ሸፍና እያዛጋች
«ሰኞ ነው» ብላ ዘጋች።

እኔ፣ የጥገናው ሰው፣
መፍቻዬን በወገቤ፣ ስልኬን በጆሮዬ ይዤ
በዚያ በር ስንቴ አለፍኩ፣ በልቤ ሌላ ቦታ ተጉዤ።

ማክሰኞ፣ የወደቀች ብሎን ፍለጋ ጎንበስ ስል ድንገት
በትንሿ መስኮት ነበልባሉን አየሁት።
ሰማያዊ መሆን ሲገባው፣ እንደ ወስፌ ቀጥ ብሎ፣
ቢጫ ነው፤ ይልመጠመጣል፣ ካፉ ጥቀርሻ አንጠልጥሎ።
«የወፍ በሽታ ይዞታል» አልኩ፣ ለራሴ ቀልጄ፤
ሳቄ ሳያልቅ መለኪያው ጮኸ በእጄ።
ሰባ። ዘጠና። መቶ አርባ።

ጋዙስ ወሬኛ ነው፤ ትንሽ ሲያመልጥ ይሸታል፤
አዋቂዎች የገማ ዕንቁላል ጠረን ቀብተውታል።
እሱ ሲታፈን የሚወልደው ግን ቀለም የለው፣ ጠረን የለው፤
እሹሩሩ ብሎ ነው ሰውን የሚያስተኛው።

ቫልቩን ዘጋሁ። «ውጡ!» አልኩ። በእርጥብ ሸሚዝ፣ በረዶ ላይ፣
ቆሙ ሦስቱም፤ ትንፋሻቸው ነጭ ሆኖ ወጣ ወደ ሰማይ።
«ለነገ አይደርስም?» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ «መቶ ሃያ አልጋ ይጠብቃል።»
«አልጋ መጠበቅ ያውቃል»
አልኩ፤
ቀዩን ካርድ ቫልቩ ላይ ሰቀልኩ።

የጢስ መውጫውን ስፈታው ጭድ ወረደ፣ ላባ፣ ክር፣
ያንድ ሕፃን ጓንት አውራ ጣት፤ የድንቢጥ ሙሉ ሰፈር።
ለካ ስሙን አውቄው ኖሯል፣ በሽታውን ሳላውቅ።
ወፊቱ ምን አጠፋች? ወንፊቱ መውደቁን አየች፤
ገባች፤ ቤት ሠራች።
ከእኔ ይልቅ እሷ መረመረች።

ከዚያ የምርመራውን ካርድ ገለበጥኩ፣ ከጎኑ የተንጠለጠለ፣
መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ «ታይቷል፤ ደህና ነው» እያለ።
አራት ፊርማ።
አንድ እስክሪብቶ፣ አንድ ከሰዓት፣ አንድ ወንበር ላይ።
የእኔ ናቸው።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል ያገሬ ሰው፤
የእኔ ቅጠል ወረቀት ነበር፣ ቀለም ያራሰው።

ከደጅ ፈለቁ ጮኸች፦ «ራሴን ለቀቀኝ እኮ!»
የጥር መስመር ባዶ ነው። እስክሪብቶዬን አወጣሁ፤ መለስኩ።
እጄ ይንቀጠቀጣል።
ብርዱ ነው አልኩ።