የጥር ክረምት በራማት ጋን

ጥር ማለት ለእኔ አውድማ ነው፣ ነዶ፣
የሰርግ ዳስ ነው፣ ሰማይ ነው ባዶ።
የራማት ጋን ጥር ግን፣ ሌላ ሆዱ ከብዶ
ሦስት ቀን አፈሰው ስልቻውን ቀዶ።

የእህቴ ልጅ ኖጋ ስድስት ዓመት ሞላት፤
ምን ልግዛልሽ ብዬ ስልክ ደውዬላት
"ጉማሬ አሳየኝ!" "ዝናብ ነው እኮ" አልኳት፤
"ጉማሬ ዝናብ ይፈራል እንዴ?" ምን ልበላት!

አሮጌዋ ሱባሩ አንድ መጥረጊያ ቀርቷታል፣
እሱም በእኔ በኩል፤ የኖጋ ወገን ይፈሳል።
ጉሙን በመዳፏ ጠርጋ፣ "አፍሪካ የት ይጀምራል?"
"ከበሩ" እላታለሁ። "መጀመሪያ ቲኬት ይቆረጣል።"

ቲኬት ሻጯ ላሪሳ (ስሟ ደረቷ ላይ ተለጥፏል)
መስኮቷን በስንጥቅ ከፍታ
"ዛሬ እኮ ማንም አልመጣም፤
አውሬዎቹም ተጠልለዋል፤ ገንዘብ አንመልስም" አለች።
ፊቴን አየች፤ የኖጋን ፊት አየች፤
"ለነገሩ አንተ ታውቃቸዋለህ" ብላ ሳቀች፣
ደግ ቀልድ መስሏት።

እውነቱን ለመናገር፣ ወገራ ነው ያደግሁ፤
ከጅብና ከጦጣ በቀር አውሬ አላየሁ፤
ጉማሬ ጣና ውስጥ አለ ሲሉ ሰማሁ፣
ጣናን ግን በአውቶብስ፣ በሌሊት፣ ተኝቼ ነው ያለፍሁ።
ቀጭኔንም ያየኋት መጀመሪያ፣ በዚህ አገር፣
በመርካዝ ክሊታው ኩሽና፣ በብስኩት ካርቶን ላይ ነበር።

በሩ ተከፈተ።
አፍሪካ ጭቃ ነበረች።

ሰጎኗ ላባዋ ተጣብቆ፣ የራሰ መወልወያ መስላ
በመንገዱ ጠርዝ ታዘግማለች፣ ነገር እንዳላት አኩርፋ።
አውራሪሱ አልተጠለለም። ዝም ብሎ ቆሟል፤
ዝናቡ በቆዳው ሽብሽብ ቦይ ቀዶ ይወርዳል፤
ከጀርባው፣ ከአጥሩ ማዶ፣ ሃያ ፎቅ ተገትሯል፣
አንዱ ሰገነት ላይ የተረሳ ልብስ ይንጠባጠባል።

የሜዳ አህዮች ቂጣቸውን ለነፋስ ሰጥተው
ባሕር ዛፍ ሥር ቆመዋል፣
የዘገየ አውቶብስ እንደሚጠብቁ ሠራተኞች።
(ባሕር ዛፉም የዚህ አይደል፤ የእኛም አገር አልነበረም፤
እሱን ግን ከየት መጣህ ብሎ የሚጠይቀው የለም።)

"ያ ትንሹ የት ተወለደ?"
"እዚሁ።"
"እንደ እኔ?"
"እንደ አንቺ።"
"አፍሪካን አያውቅም ማለት ነው?"
"አያውቅም።"
"ትልልቆቹ ይነግሩታል?"
"ይነግሩታል" አልሁ፤ እነሱም እዚሁ መወለዳቸውን
ለልጅ ልደት ቀን ምን ያደርግላታል?

ሠላሳ ሁለት ዓመት ኖርሁ፤ ልብሴን፣ አፌን ለወጥሁ፤
ጉልበቴን ግን ዝናቡ በብርድ ወር እንደሚመጣ አላስለመድሁ።
ሐምሌ ሲገባ ማልዶ ይቆረጥመኛል፣ ደመና ይጠብቃል፤
ደጅ ስወጣ አስፋልቱ እንደ ሰም ይቀልጣል።

ከዚያ ጉማሬው መጣ።

ከኩሬው አልወጣም፤ ከዝናቡ ነው የወጣ፣
የዝናቡ ክፋይ ሆኖ፣ ግንብ እንደሚሄድ፣ ቀስ እያለ፤
መንገዱ መሐል ደርሶ ቆመ።
ሞተር አጠፋሁ። ጠባቂው ኢታማር በጂፑ ድምፅ ማጉያ
"መስኮት አትክፈቱ! ጡሩንባ አታሰሙ!" ይላል ከሩቅ።
ከጀርባው እንፋሎት ይነሳል፤ ከእኛም አፍ እንፋሎት ይነሳል።

ኖጋ ይሄኔ ሁለት ጣት ያህል መስኮቱን ዝቅ አደረገች።
አማርኛ አትወድም፤ ስንናገር ጆሮዋን ትይዛለች፤
ያን ቀን ግን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣
በቀጭን ድምፅ፣
"እንዴት አደርሽ?" አለችው።

ጉማሬው አንድ ጆሮውን አራገፈ።
ለሰላምታው ይሁን ለዝናቡ፣ አልፈርድም።
መንገዱን የለቀቀልን ጊዜው ሲያሰኘው ነው።

ስንወጣ ላሪሳ መጋረጃዋን ዘግታ ነበር።
ኖጋ ቦት ጫማዋ ወንበሩ ላይ፣ አፏን ከፍታ ተኝታለች።

ያ መቀመጫ እስከ ዓርብ ድረስ አልደረቀም፤
ሐምሌ ሐምሌ ሸተተኝ፤ መስኮቱን አልከፈትሁም።